ውሻዬን ይዤ ከአዲስ አበባ ኦሃዮ ልሄድ ነው፤ ከምን ልጀምር?

የቡቺ_እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ባለቤቴ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው የሚኖረው። የእኔም ቪዛ ተመታልኝ፣ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ መግባት አለብኝ። አሁን መጋቢት ስለሆነ ጊዜ ያለኝ ይመስለኛል። ካለኝ።

ነገሩ ቡቺ ነው። የሐበሻ ውሻ ነው፤ አራት ዓመቱ፣ 22 ኪሎ ይመዝናል። ከቡችላነቱ ጀምሮ እኔው ነኝ ያሳደግኩት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ መኪና ላይም የወጣው ለክትባት ሲሄድ ብቻ ነው። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ ወስዷል፣ ካርዱ እጄ ላይ አለ። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው መለያ ቺፕ ግን የለውም።

ትኬት ቆራጩ «ኬጅ ገዝተሽ ኤርፖርት ይዘሽው ነይ፣ እንደ ሻንጣ ይገባል» አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ «አሜሪካ የአፍሪካ ውሻ አታስገባም፣ ዝም ብለሽ አትድከሚ» አለች። ማን ነው ልክ? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ጉድ_ሳይሰማ_መስከረም

እኛ ኤምባሲ በር ላይ ስንት ዓመት ቆመን ያጣነውን ቪዛ ቡቺ በአራት ዓመቱ ሊያገኘው ነው። ለውሻም ዲቪ ተጀመረ እንዴ?

የሜዳ_ቬት (ቢሾፍቱ)

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጎረቤትሽ የምትለው ነገር መሠረት አለው፤ በሐምሌ 2021 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚበዛባቸው አገሮች የሚመጡ ውሾችን አግዳ ነበር። ያ እገዳ ቀርቶ ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሌላ ደንብ ተተክቷል። ኢትዮጵያ ዛሬም ከፍተኛ ሥጋት አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ቡቺ መግባት ይችላል፣ ግን ወረቀቱ ተራውን ጠብቆ ከተሠራ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ተራው ነው። መጀመሪያ ቺፕ። ከዚያ ክትባት። ከዚያ ደም። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን ካልተቀበረ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጠረው። ወረቀቱ ላይ ያለው ክትባት የዚህ ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥላቸው ቁጥር እሱ ብቻ ነውና። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የአራት ዓመት ካርድሽ ለአሜሪካኖቹ ዋጋ የለውም። ቺፑ ዓለም አቀፉን የአይኤስኦ ደረጃ የጠበቀ ባለ 15 አኃዝ ይሁን። ሐኪሙ ከመርፌው በፊት በማንበቢያው ያንብበው፣ ከቀበረው በኋላም ደግሞ ያንብበው፣ ቁጥሩን ከካርዱ ጋር አመሳክሪ። አንድ አኃዝ ተሳስቶ የተጻፈበት ወረቀት ቦሌ ላይ ያስቀራል።

ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ጠብቀሽ ደም ይቀዳል። ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተለይቶ በቅዝቃዜ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ወደተቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል፤ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው አንዱ ነው። ታይተር የሚሉት ይሄ ነው፤ ክትባቱ ሰውነቱ ውስጥ መያዙን የሚለካ ምርመራ። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ አሜሪካ እስኪገባ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ማለፍ አለበት።

30 ሲደመር 28፣ 58 ቀን። ይህ የላቦራቶሪ መዘግየት ሳይጨመርበት ነው። በዚህ ሳምንት ብትጀምሪ ግንቦት አጋማሽ ላይ ትደርሻለሽ። ግንቦት ላይ ብትጀምሪ ግን ቪዛሽና ውሻሽ ይተላለፋሉ።

የቡቺ_እናት

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ቺፑን አስቀብራለሁ። ግን አንድ ክሊኒክ ደውዬ «ክትባቱን አሁን እንስጠው፣ ቺፑ ሲመጣ እንጠራሻለን» አሉኝ። ይሄ ታዲያ አይሆንም ማለት ነው?

የሜዳ_ቬት

አይሆንም። ሌላ ክሊኒክ ፈልጊ። ቺፕና ማንበቢያ በእጁ ያለው ሐኪም ጋ ነው መሄድ ያለብሽ። ሌላም ጠይቂው፤ የውጭ አገር ክትባትና ማይክሮቺፕ ማረጋገጫ የሚባለውን የሲዲሲ ፎርም ሞልቶ ያውቃል ወይ? ፎርሙን እሱ ከሞላ በኋላ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ነው ፈርሞ የሚያትምበት። የግል ክሊኒክ ማኅተም ብቻውን አይበቃም።

አሌክሳንድሪያ_ነኝ (ቨርጂኒያ)

ዶክተሩ የተናገረው በሙሉ ልክ ነው። እኔ የታናሽ እህቴን ውሻ የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ ወገን ያለውን ልጨምር።

ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ስሚኝ። ከኢትዮጵያ የሚመጣና ኢትዮጵያ ውስጥ የተከተበ ውሻ በማንኛውም ኤርፖርት አይገባም። በሲዲሲ የተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ያለበት ኤርፖርት ብቻ ነው። እነሱም አትላንታ፣ ኒውዮርክ ጄኤፍኬ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ማያሚ፣ ፊላዴልፊያና ዋሽንግተን ደለስ ናቸው። ቺካጎ የለበትም። ኒውዋርክም የለበትም። ከቦሌ ወደ ሁለቱም በረራ ስላለና ቺካጎ ለኮለምበስ ስለሚቀርብ ሰው ይታለላል። አትታለዪ።

ማቆያው ላይ ቀድመሽ ቀጠሮ ትይዣለሽ፣ ማረጋገጫውም ከወረቀቶችሽ ጋር ይያያዛል። ውሻው ሲያርፍ ከአውሮፕላኑ ቀጥታ ወደዚያ ይወሰዳል። ሐኪም ያየዋል፣ ቺፑ ይነበባል፣ የአሜሪካ የእብድ ውሻ ክትባት በድጋሚ ይሰጠዋል። ታይተሩ ካለውና ወረቀቱ ከተስተካከለ ይለቁልሻል። ታይተር ከሌለው 28 ቀን እዚያው ይቀመጣል፣ በአንቺ ወጪ። ወጪውን ቁጥር አልጠራልሽም፣ ማቆያው ራሱ ይንገርሽ። ከሰው ትኬት ሊበልጥ እንደሚችል ግን አስቀድመሽ ለባልሽ ንገሪው።

ከደለስ ኮለምበስ ደግሞ በሌላ አውሮፕላን እንዳታስቢ። ከአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ብዙዎቹ ለተራ ተሳፋሪ ትልቅ ውሻ በሻንጣ ክፍል መውሰድ ትተዋል። 22 ኪሎ ውሻ ወንበር ሥር አይገባም። ባልሽ መኪናውን ይዞ ይምጣ። ስድስት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፤ ቡቺም እግሩን ያፍታታል።

ጉድ_ሳይሰማ_መስከረም

ስድስት ሰዓት ነድቶ ውሻ የሚቀበል ባል። እህቴ፣ ውሻውን ሳይሆን ባልየውን ነው መንከባከብ።

የቡቺ_እናት

😂 እሱ ከእኔ በላይ ቡቺን ነው የናፈቀው። ስንደዋወል መጀመሪያ «እስቲ ካሜራውን ወደ በሩ አዙሪው» ነው የሚለኝ።

ጥያቄ አለኝ። ውሻው ከሻንጣ ጋር ሲገባ እውነት በሕይወት ይወጣል? እናቴ «በረዶ ሆኖ ነው የሚደርሰው» እያለች እንቅልፍ ነሥታኛለች።

የራምፕ_ልጅ

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ኤርፖርት ራምፕ ላይ ሻንጣ ስጭን ኖሬያለሁ።

አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለው ክፍል እንደ ተሳፋሪው ክፍል አየሩ የታመቀ ነው። ለእንስሳት የሚመደበው ቦታ ሙቀት አለው፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል ነው። ሕይወት ያለው ጭነት ሲጫን ካፒቴኑ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ምን እንስሳ፣ ስንት፣ የትኛው ክፍል የሚል ወረቀት ይፈርማል። ስለዚህ የዚያን ክፍል ሙቀት ያውቀዋል። ውሻ ከደረቅ በረዶ አጠገብ አይጫንም፤ ደረቅ በረዶ ሲተን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያፍነዋል። ከአስከሬን ሳጥን አጠገብም አይደረግም። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ተጭኖ መጀመሪያ ነው የሚወርደው።

እናትሽ የፈሩት ብርዱን ነው። እኔ የምፈራው ሙቀቱን ነው፤ ያውም ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ። አውሮፕላኑ ቆሞ፣ ጋሪው አስፋልት ላይ ቆሞ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና። ለዚያ ነው ብዙ አየር መንገዶች መነሻው ወይም መድረሻው ላይ ሙቀቱ ከ85 ፋራናይት (29 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ) ካለፈ ውሻ የማይቀበሉት። አዲስ አበባ ችግር የለም። ዋሽንግተን በሰኔና በሐምሌ ግን ከዚያ ያልፋል። ግንቦት ላይ ብትበሪ ይሻልሻል። ካልሆነም ጠዋት ወይም ማታ የሚያርፈውን በረራ ምረጪ።

ሌላው፣ ከቦሌ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ መሃል ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ያ ማረፊያ ለአንቺ ወንበርሽ ላይ መቀመጥ ነው፤ ለቡቺ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት ነው። ጠቅላላውን ሰዓት ስታስቢ እሱን ጨምሪበት።

እማማ_ዘነቡ

ልጄ፣ እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም። ስለ ውሻ ግን አውቃለሁ።

መጀመሪያ፣ አሜሪካኖቹ አበዙት የምትሉትን ተዉት። በእኔ ልጅነት እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ፓስተር ይወሰድ ነበር። በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ይወጋል። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ነበር፣ እናቱ ጠበል ይሻላል ብላ ፓስተር ሳትወስደው ቀረች። ውሃ ሲያይ መጮህ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተደረገለትም። ያንን ያየ ሰው 58 ቀን ረዘመ አይልም።

ሁለተኛ፣ ግቢ የለመደ ውሻ ነው። ሌሊት በር ሲጠብቅ የኖረ፣ ቀን ፀሐይ ላይ የሚተኛ። እዚያ አፓርታማ ውስጥ አስረሽው ሥራ ልትሄጂ ነው? የእኔ ልጅ ሜሪላንድ ነው፤ ቤቱን ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ለሰውም ጠባብ ነው። እናትሽ ጋ ቢቀርስ? እዚያው የበላበት ግቢ ይጩህ።

ቡቺን_ተዉት

እማማ ዘነቡ ያሉትን እኔም ልል ነበር፣ ስድብ ፈርቼ ዝም አልኩ። እኔ የማምነው ይሄን ነው፤ ያረጀ፣ የታመመ ወይም ሰው የሚናከስ ውሻ ማንሣት ግፍ ነው። አራት ዓመት የሆነው ጤነኛ ውሻ ግን ይለምዳል። ውሻ የሚለምደው ሰውን ነው፣ ግቢ ሁለተኛ ነው። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ወር ነው።

የቡቺ_እናት

እማማ፣ አክብሮቴ የላቀ ነው። እኔም አስቤበታለሁ። እናቴ ከዚህ በኋላ ወንድሜ ጋ አዳማ ልትገባ ነው፣ ግቢው ይከራያል። ቡቺን የሚረከብ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልደከምኩ። የወንድሜ ሚስት ውሻ ከሩቅ ስታይ ነው የምትሮጠው። ኮለምበስ ያለው ቤት ደግሞ ከኋላው ትንሽ ሣር አለው፣ አጥር አለው። በሩን የሚጠብቅበት ምክንያት ባይኖርም ያግኘው።

እማማ_ዘነቡ

እንግዲያውስ ውሰጂው። እግዚአብሔር በሰላም ያድርስሽ። ወተት እንዳትሰጪው መንገድ ስትነሡ፣ ሆዱን ያበላሽበታል።

ፍራንክፈርት_06

ክሩን አውሮፓ ያለ ሰውም እንደሚያነበው ስላየሁ ጥቂት ልበል። ኢትዮጵያ በአውሮፓ ኅብረትም ያልተዘረዘሩ ከሚባሉት አገሮች ናት። ተራው ያው ነው፣ ቺፕ፣ ክትባት፣ ከ30 ቀን በኋላ ደም። ልዩነቱ ደሙ ከተቀዳ በኋላ የሚጠበቀው 28 ቀን ሳይሆን ሦስት ወር መሆኑ ነው። አራት ወር ያዙ እንግዲህ። የጤና ምስክር ወረቀቱ ደግሞ ከተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ መግባት አለባችሁ። ፊንላንድ፣ አየርላንድ፣ ማልታና ኖርዌይ ከሆነ መድረሻው፣ ከመግባቱ ከ24 እስከ 120 ሰዓት በፊት የኮሶ ትል መድኃኒት በሐኪም ይሰጠዋል፣ እሱም ይጻፋል።

እንግሊዝ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ በአየር የሚገባ ውሻ በካርጎ፣ ማለትም ከተሳፋሪ ሻንጣ ተለይቶ እንደ ጭነት ብቻ ነው፣ ከመሪ ውሾች በቀር።

ዱባይ_ማሪና

ዱባይም በካርጎ ብቻ ነው፣ ያውም የማስገቢያ ፈቃድ ከአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር ቀድሞ ወጥቶ። ፒትቡልና መሰሎቹ ጭራሽ አይገቡም። ካቢን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሄደው ጭልፊት ነው! ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ጭልፊት ካቢን ያስገባሉ፣ ኤምሬትስ አገሩ ለጭልፊት ፓስፖርት ይሰጣል። እኔ አጠገቤ ጭልፊት ተቀምጦ አይቻለሁ፣ ዓይኑ በቆዳ ቆብ ተሸፍኖ፣ ከእኔ በላይ ተረጋግቶ።

ጉድ_ሳይሰማ_መስከረም

በቃ ስሜን ያወጣሁት ለዚህ ክር ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ቡና

ወገኖቼ፣ ማንም ያላነሣው ነገር አለ። እዚህ አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ውሻችንን ይዘን አዲስ አበባ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ የምንሄድ አለን። ስትመለሱ ያው ከኢትዮጵያ እንደመጣ ውሻ ነው የሚቆጠረው፤ ከፍተኛ ሥጋት ካለበት አገር የገባ ውሻ ለስድስት ወር ያ ታሪክ ይከተለዋል።

መፍትሔው ከመውጣታችሁ በፊት ነው። በአሜሪካ የተሰጠ የእብድ ውሻ ክትባት ማረጋገጫ የሚባል ፎርም አለ። በዩኤስዲኤ (በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር) ዕውቅና ያለው ሐኪም ይሞላዋል፣ ዩኤስዲኤ ያጸድቀዋል። እሱ በእጃችሁ ካለ ስትመለሱ ታይተር የለም፣ ማቆያ የለም፣ ስድስቱ ኤርፖርቶች ብቻ የሚለውም አይመለከታችሁም። እሱን ሳትይዙ ከወጣችሁ ግን አዲስ አበባ ሆናችሁ ልታወጡት አትችሉም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ውሻውን አጎቱ ጋ ጥሎ ተመልሶ፣ ታይተሩ እስኪደርስ ወራት ጠብቆ ነው ያስመጣው።

ቺዋዋ_በዲሲ

የእኔ ሦስት ኪሎ ናት፣ አገር ውስጥ በረራ ላይ ከእኔ ጋር ካቢን ነው የምትሄደው። ቦርሳዋ ፊቴ ካለው ወንበር ሥር ይገባል፣ እንደ እጅ ሻንጣ ይቆጠራል፣ ከዚያም በላይ እስከ 150 ዶላር ያስከፍላሉ። ፍተሻ ላይ ቦርሳው ብቻ በኤክስሬዩ ያልፋል፣ እሷን አቅፌ በበሩ አልፋለሁ። ሰው «ስሜት የሚያረጋጋ ውሻ ነው በይ፣ በነጻ ይገባል» ይላል። ያ ቀርቷል። ከጥር 2021 ጀምሮ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አየር መንገዶች እነዚህን እንደ አገልግሎት ውሻ እንዲቀበሉ አያስገድድም። የሠለጠነ የአገልግሎት ውሻ ብቻ ነው የሚታወቀው። ኢንተርኔት ላይ ምስክር ወረቀት የሚሸጡላችሁን አትመኑ።

የቡቺ_እናት

ቺፑ ተቀበረ፣ ክትባቱም በዚያው ሰዓት ተሰጠ! ሐኪሟ ሁለቴ አነበበችው፣ እኔም ስልኬ ላይ ፎቶ አነሣሁት። ቡቺ መርፌውን ዝም ብሎ ችሎ፣ ማንበቢያው ድምፅ ሲያሰማ ነው የጮኸው።

አሁን ስለ ጉዞው ቀን ንገሩኝ። የሚያስተኛ መድኃኒት ልስጠው? ምግብስ? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ መርካቶ ብረት ሠሪ ጋ ጥሩ የሽቦ ኬጅ አሠራልሻለሁ አለኝ።

የሜዳ_ቬት

ጎበዝ። በአንድ በአንድ።

የሚያስተኛ መድኃኒት አትስጪው። የደም ግፊቱን ያወርዳል፣ የሰውነቱን ሙቀት የመቆጣጠር አቅሙን ያዳክማል፣ ሳጥኑ ሲነቃነቅ ራሱን ማመጣጠን ያቅተዋል። ችግር ቢገጥመው ሰማይ ላይ የሚያየው ሰው የለም። አየር መንገዶችም የደነዘዘ ውሻ አይቀበሉም። ቡልዶግና ፐግ፣ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች፣ ያለ መድኃኒትም መተንፈስ ስለሚቸግራቸው ነው ብዙ አየር መንገድ ጨርሶ የማይጭናቸው። ቡቺ አፍንጫው ረጅም ስለሆነ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው።

መድኃኒቱ ሳጥኑን ማስለመድ ነው። ሳጥኑን አሁኑኑ ግዢና ግቢ ውስጥ፣ እሱ የሚተኛበት ጥላ ሥር አስቀምጪው። በሩን አውልቂው። ምግቡን እዚያ ውስጥ ብቻ ስጪው። መጀመሪያ አንገቱን ብቻ አስገብቶ፣ የኋላ እግሩን ውጭ ተክሎ ይበላል። ተይው። በራሱ ጊዜ ገብቶ ሲተኛ ነው በሩን የምትገጥሚው፤ ለደቂቃ፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ለሌሊት። ሁለት ወር አለሽ፣ ይበቃል። ግቢ ውስጥ ልቅ የኖረ ስለሆነ አንገት ማሰሪያና ገመድም ከዛሬ ጀምሮ አስለምጂው፤ ኤርፖርት ላይ ከሳጥኑ ወጥቶ ሳጥኑ የሚፈተሽበት ጊዜ አለ።

የጉዞው ቀን ከመነሣቱ ጥቂት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ በቂ ነው። እማማ ዘነቡ ስለ ወተት ያሉት ልክ ነው። ውሃውን በሳጥኑ ዕቃ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፤ ሲጫን አይፈስም፣ እየቀለጠ ይጠጣዋል።

አንድ ሰው የማያስበው ደግሞ አለ። ኢትዮጵያ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ያለባት አገር ናት። ውሻ በአፍተግር አይያዝም፣ በእግሩና በፀጉሩ በያዘው ጭቃና ጭድ ግን ተሸካሚ ይሆናል። ስለዚህ እግሩም ፀጉሩም ከጭቃና ከጭድ የጸዳ መሆን አለበት። ከመነሣቱ በፊት በደንብ እጠቢው፣ ንጣፉ ገለባ አይሁን።

የራምፕ_ልጅ

የሽቦ ኬጁን ተይው! ሙሉ በሙሉ ሽቦ የሆነ፣ የሚታጠፍ ኬጅ አይጫንም። ውሻ ሲደነግጥ በጥፍሩ ሽቦውን ይጎትተዋል፣ ጥርሱ ይሰበራል፣ ራሱንም ያወጣል። ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም እንጨት፣ በአራቱም ጎን አየር የሚገባበት፣ በሩ ብረት የሆነ ነው የሚፈለገው። ላይኛውና ታችኛው በፕላስቲክ ክሊፕ ብቻ የተያያዘ ከሆነ አውልቂና በብረት ቡሎን እሰሪው። ጎማ ካለው ጎማው ይነቀል። የምግብና የውሃ ዕቃው በሩ ሳይከፈት ከውጭ የሚሞላ ይሁን። «ሕይወት ያለው እንስሳ» የሚለውና ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ያለበት ምልክት ጎኑ ላይ ይለጠፍ። ስልክ ቁጥር የባልሽን ጻፊ፣ የኢትዮጵያ ስልክሽ እዚያ ላይሠራ ይችላል።

አሌክሳንድሪያ_ነኝ

ደግሞ ውሻው ትኬትሽ ላይ መመዝገቡን በጽሑፍ ተቀበዪ። አየር መንገዱ በአንድ በረራ የሚጭነው እንስሳ ቁጥር የተወሰነ ነው። ትኬት ቆራጭ በአፉ «ችግር የለም» ስላለሽ እንዳትተማመኚ፤ ቀጥታ አየር መንገዱን ጠይቂ፣ እንደ ሻንጣ ነው ወይስ በካርጎ የሚለውንም አጥሪ። ወረቀቱንና ክፍያውን የሚለውጠው እሱ ነው።

የሲዲሲው የውሻ ማስገቢያ ፎርም ኦንላይን ነው፣ ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ድረ ገጽ ካየሽ ዝጊው። ጉዞሽ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሙዪውና ደረሰኙን አትመሽ ያዢ። የሁሉንም ቅጂ አንዱን በእጅሽ፣ አንዱን በፕላስቲክ አድርገሽ ሳጥኑ ላይ ለጥፊ።

የቡቺ_እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደሙ የሚቀዳበት ቀን ተይዟል፣ ማቆያውም በኢሜይል መልሶልኛል።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሳጥኑ። ሱቁ ያለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 82 በ56 ከፍታው 59 ሳንቲ ሜትር፤ ሌላው 91 በ63 ከፍታው 68። ትልቁ ዋጋው በጣም ይለያል። ቡቺን ለካሁት፦ ከአፍንጫ እስከ ጭራው ሥር 72፣ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን 30፣ ትከሻው ላይ ወርዱ 21፣ ቆሞ ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ 61። ትንሹ አይበቃውም? ውስጥ ገብቶ ተኝቶ አይቼዋለሁ፣ በቅቶታል።

የራምፕ_ልጅ

ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ነው የሚለካው። አያታ (የአየር መንገዶች ዓለም አቀፍ ማኅበር) የሚጠይቀው ቆሞ ጆሮው ጣራውን ሳይነካ፣ ዞሮ መተኛት እንዲችል ነው። ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሥር ላይ የክርኑን ከፍታ ግማሽ ደምሪ፤ 72 እና 15፣ 87 ይሆናል። ወርዱ የትከሻው እጥፍ፣ 42። ከፍታው 61 ሆኖ የንጣፉ ውፍረት ይጨመርበታል፣ 64 በይው።

የትንሹ ወርድ ይበቃል። ርዝመቱ ግን 5 ሳንቲ፣ ከፍታውም 5 ሳንቲ ይጎድለዋል። ቆጣሪ ላይ ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ይገጥምሻል፤ ያኔ ሳጥን ፍለጋ ሌሊት ቦሌ መዞር ነው። ባለ 91ዱን ግዢ። ከመክፈልሽ በፊት ግን ልኬቱ የውስጡ ይሁን የውጩ ሻጩን ጠይቂ፣ ሜትርሽንም ይዘሽ ሂጂ።